ቤተሰቡ ለዕረፍት ሲወጣ የሞግዚቷ ደመወዝ የት ይሄዳል?

ጥያቄ፦ የምኖረው በሁምቦ ወረዳ፣ ተበላ ከተማ ነው። ሁለት ሕፃናት እይዛለሁ፤ ደመወዜ በወር 2,500 ብር ሲሆን የምበላውም የማድረውም እዚያው ነው። በነሐሴ አሠሪዎቼ ልጆቹን ይዘው ወደ ሐዋሳና አዲስ አበባ ሄዱ። እኔን «እስክንመለስ ወላጆችሽ ጋ ሁኚ፤ እንደውልልሻለን» አሉኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደውለው ጠሩኝና ተመለስኩ። ወሩ ሲያልቅ የሰጡኝ ግን 700 ብር ብቻ ነው። ስጠይቅ እትዬ «ያልሠራሽበትን ከየት አምጥተን እንክፈል?» አሉኝ። የተጻፈ ውል የለንም። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ የአሠሪዎ መልስ ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። ደመወዝ የሚከፈለው ለተሠራ ሥራ ነው የሚለው መርሕ በሕጋችንም አለ። ግን ብቻውን አይቆምም፤ ሥራው የቀረው በማን ምክንያት ነው የሚለው ጥያቄ አብሮት ይነሳል። እርስዎ አልታመሙም፣ አልቀሩም፣ ፈቃድም አልጠየቁም። ቤቱን ቆልፈው የሄዱት እነሱ ናቸው።

ሰው ሁሉ በቅድሚያ የሚጠቅሰው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ነው። የአዋጁ አንቀጽ 54 ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ሳለ ከእሱ ባልመነጨ ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር ደመወዙን እንደሚያገኝ ይደነግጋል። ለእርስዎ የተጻፈ ይመስላል፤ ሆኖም በቀጥታ አይመለከትዎትም። ምክንያቱም አንቀጽ 3 ለትርፍ ላልሆነ ዓላማ የሚፈጸምን የግል አገልግሎት ቅጥር፣ ማለትም የቤት ሠራተኛን፣ ሞግዚትን፣ የመኖሪያ ቤት ዘበኛን፣ ከአዋጁ ውጭ አድርጓል። የእነዚህን ሰዎች የሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስን አደራ ሰጥቷል። ተመሳሳይ አደራ በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ውስጥ ነበር። አዋጅ በአዋጅ ተተካ፤ የቤት ሠራተኛዋ ግን ደንብ ስትጠብቅ ኖረች። በእኔ እይታ ከአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን ጉድለቶች ሁሉ የከፋው ይኸ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ተበላ የሶዶ–አርባ ምንጭ መንገድ የሚያልፍባት ከተማ ናት፤ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ያለው አባወራ ብዙ ነው። ሞግዚት ተብለው ተቀጥረው ቀኑን በአሠሪዎ ሱቅ ሲሸጡ ወይም በምግብ ቤታቸው ሳህን ሲያጥቡ የሚውሉ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ያ ሥራ ለትርፍ የሚሠራ ነውና አዋጁ ይመለከተኛል ብለው መከራከር ይችላሉ። የጻፉልኝ ግን ስለ ልጆቹ ብቻ ስለሆነ በዚያው ልቀጥል።

አዋጁ ባይደርስልዎትም ያለ ሕግ አልቀሩም። ጉዳይዎን የሚገዛው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እርግጥ በቁጥር 2601 ላይ ደስ የማይል ድንጋጌ አለ፤ ከአሠሪው ጋር የሚኖር የቤት ሠራተኛ የሥራ ሁኔታ የሚወሰነው በአሠሪው ኅሊና ነው ይላል። አሠሪዎች ይህን ቢጠቅሱብዎት አይደንግጡ። ድንጋጌው የሚናገረው ስለ ሥራ ሁኔታ ነው፤ አንዴ የተስማማችሁበትን ደመወዝ እንዳሻቸው ይቀንሱ አይልም። ኅሊናም ቢሆን ሦስት ሳምንት ያለ ደመወዝ መስደድን ይደግፋል ብዬ አላምንም።

ክርክርዎ የሚቆመው በውል ጠቅላላ ድንጋጌዎች ላይ ነው። ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው ይላል። ቁጥር 1757 ደግሞ ሌላውን ወገን «ግዴታህን ፈጽም» ለማለት የራስን ግዴታ ፈጽሞ መገኘት ወይም ለመፈጸም ዝግጁ መሆን በቂ እንደሆነ ያስረዳል። እርስዎ ዝግጁ ነበሩ፤ ሲደወልልዎትም ወዲያው ተመልሰዋል። ውላችሁም የወር እንጂ የቀን ሥራ አልነበረም። በዚህ ላይ ቁጥር 1713 በውሉ በግልጽ ባይነገር እንኳ ልማድ፣ ርትዕና ቅን ልቦና የሚያስከትሉት ነገር ተዋዋዮችን እንደሚያስገድድ ይደነግጋል። «እንደውልልሻለን» የተባለች ሠራተኛ ሌላ ቤት መቀጠር አትችልም፤ ጊዜዋ ተይዟል። የተያዘ ጊዜ ዋጋ አለው።

«የዓመት ዕረፍቷ ነው ያልናት» ቢሉስ? ደስ ይበልዎት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ሠራተኞች በየጊዜው ከክፍያ ጋር የሚሰጥ ዕረፍት የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ቢሆን የሚያውቀው የዓመት ዕረፍት ደመወዝ የሚከፈልበትን ነው። ስለዚህ በሥራ ላይ ነበረች ቢሉም ዕረፍት ላይ ነበረች ቢሉም ደመወዙ አይቀርም።

ውጭ አገር የሚኖሩ አንባቢዎች ይህ አዲስ አይሆንባቸውም። በአሜሪካ ብዙ ቤተሰቦች ከሞግዚት ጋር ሲዋዋሉ ቤተሰቡ ለዕረፍት ሲወጣም ክፍያው እንደማይቋረጥ አስቀድመው ይጽፋሉ።

መልሴ የሚለወጠው ለመሄድ የጠየቁት እርስዎ ከሆኑ ነው። በመስከረም ለጊፋታ በዓል ወላጆችዎ ጋ ለመክረም ሁለት ሳምንት ጠይቀው ቢሄዱና ስለ ክፍያ ምንም ባትነጋገሩ፣ ያንን ጊዜ ክፈሉኝ ማለት ይከብዳል። አስቀድማችሁ «ለሄድንበት ጊዜ አይከፈልሽም» ተባብላችሁ ተስማምታችሁ ከሆነም እንዲሁ። በተቃራኒው ልጆቹን እንዲይዙ ወደ ሐዋሳ ይዘዎት ሄደው ቢሆን ኖሮ ያ ሙሉ ሥራ ነው፤ መጓጓዣውና ማደሪያውም የእነሱ ወጪ ነው።

የተጻፈ ውል ስለሌለዎት አይጨነቁ። እንዲህ ያለ ውል በቃልም ይጸናል፤ በምስክር ማስረዳት ይቻላል። ያገናኘዎት ደላላ፣ ሲቀጠሩ አብረውዎት የነበሩ ዘመድ፣ ስንት እንደሚከፈልዎት የሚያውቁ ጎረቤት ሁሉ ምስክር ናቸው። ደመወዝዎ በቴሌብር ወይም በባንክ ይላክ ከነበረ መዝገቡ ራሱ ይናገራል። «ነገ ነይ» የሚል የስልክ መልእክት ካለዎት አያጥፉት።

በመጀመሪያ ሁለቱንም ወገን የሚያውቁ ሽማግሌ ያስገቡ፤ እንዲህ ያለው ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ያልቃል። እምቢ ካሉ በቁጥር 1772 መሠረት ቀሪ ደመወዝዎን እንዲከፍሉ ቀን ቆርጠው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጧቸው፤ ቅጂውንም ይያዙ። ከዚያ በኋላ ክስዎን የሚያቀርቡት በፍትሐ ብሔር ጉዳይነት ለወረዳው ፍርድ ቤት ነው። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ካልቻሉ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ በድህነት ክስ የሚቀርብበትን መንገድ ይሰጣል። ክስ የሚጽፍልዎት ካጡ የወረዳውን የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ ሶዶ ድረስ መሄድ ከቻሉም የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለ። በሥራ ውል ክርክር የይርጋ ጊዜ አጭር ስለሆነ ግን አያዘግዩት።

ለአሠሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። ቤታችሁን ቆልፋችሁ ስትወጡ የቤት ኪራያችሁንና የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ አትቀንሱም፤ የሞግዚቷንም አትቀንሱ። ካልከፈላችሁ ደግሞ ሌላ ቤት ብትገባ አትቆጡ።

ጠያቂያችን፣ በእኔ አስተያየት ቀሪው 1,800 ብር የእርስዎ ነው። ይጠይቁት።