ወተቱ ብቻ ለምን አልበቃም?



ለተራበ ሕፃን ወተት መስጠት ለማንም ግልጽ የሆነ ምሕረት ነው። በየሳምንቱ ቤቱ ድረስ ሄዶ ከእናቱ ጋር ሆኖ ማጫወት ግን ገንዘብ የሚወጣበት ሥራ አይመስልም። በዚህ ትምህርት ስለ ሁለተኛው ልንነግራችሁ እንወዳለን።

ከባድ ጉዳት ያለበትን ልጅ ሁሉም ያየዋል። ጥቂት ብቻ የዘገየው ግን ይታለፋል። ዳዴ የሚልበት ወራት ያልፋል፤ እኩዮቹ አፋቸውን ሲፈቱ እርሱ ዝም ይላል። ጎረቤትም «አባቱም እንዲሁ ነበር» እያለ እናቲቱን ያጽናናል። ጎረቤት እውነቱን የሚሆንበት ጊዜ አለ። በምግብ እጥረት ለቀጨጨ ልጅ ግን ዝም ብሎ መጠበቅ ጉዳት አለው፤ አንጎል በፍጥነት የሚያድገው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነውና።

በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን፣ በ1986 እና በ1987 እ.ኤ.አ.፣ ፕሮፌሰር ሳሊ ግራንታም ማክግሬጎር ከባልደረቦቻቸው ጋር ከድኻ ሰፈሮች 129 የቀጨጩ ሕፃናትን መረጡ። ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር ነበር። ሕፃናቱ በአራት ተከፈሉ። ለአንደኛው ክፍል በየሳምንቱ 1 ኪሎ ግራም ከወተት የተዘጋጀ ምግብ ተሰጠ። ወደ ሁለተኛው ክፍል የሰፈር ጤና ረዳት በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት እየሄደች ታጫውት ነበር። ሦስተኛው ሁለቱንም አገኘ፤ አራተኛው ከሁለቱ አንዱንም አላገኘም። ረዳቶቹ ከፍተኛ ትምህርት አልነበራቸውም። መጫወቻውም ከተጣሉ ዕቃዎች በእጅ የተሠራ ነበር። ረዳቷ ስትሄድ መጫወቻውን ትታ ትሄዳለች፤ ዋናዋ አስተማሪ እናቲቱ ነበረችና።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወተቱም ጨዋታውም ልጆቹን ረድቶ ተገኘ፤ ሁለቱን ያገኙት ይበልጥ ተጠቀሙ። ዓመታት ሲያልፉ ግን ወተቱ ለአእምሮ የሰጠው ጥቅም ደበዘዘ፤ የጨዋታው ጸና። በ22 ዓመታቸው ሲጠየቁ፣ በሕፃንነታቸው እንዲህ የተጎበኙት ካልተጎበኙት 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ነበራቸው።

ይህን ስንል ወተቱን መናቃችን አይደለም። በረሃብ የተጎዳ ልጅ መጀመሪያ ይመገብ፣ ይታከም። ነገር ግን ሉቃስ ስለ ጌታችን ልጅነት ሲጽፍ በቁመት ማደጉን ብቻ ሳይሆን በጥበብ ማደጉንም ያነሣል (ሉቃ. 2፡52)።

መጫወቻው በየጓዳችን አለ፤ ጣሳ፣ ኩባያ፣ የጨርቅ ኳስ፣ ቆረቆንዳ። ባቄላና ጠጠር ግን ያንቃልና አይሰጥ። እናት ልጇን ስታጥብ እጁን፣ እግሩን፣ አፍንጫውን እየጠራች ታሳየው፤ ለመቆም ሲሞክር ወፌ ቆመች ትበልለት። ለድምፅ የማይዞር ልጅ ቢኖር አስቀድሞ ጆሮው ይመርመር፤ የለመደውን ቃል የተወም ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

እንግዲህ በዚህ ሥራ ወጪው የሚበዛው ለመጫወቻ አይደለም፤ ዝናብም ሆነ ፀሐይ ሳትል በየሳምንቱ ለምትሄደው ጎብኚ ደመወዝ ነው። ስለዚህ የምትሰጡ ወገኖች ለአንድ በዓል ብዙ ከምትሰጡ፣ ጥቂትም ቢሆን ለሁለት ዓመት በየወሩ ብትመድቡ እንመርጣለን።