ውጤትን ሳያሳዩ ማለፍን ማረጋገጥ

ስካይዌይ አክስቴ ቤት ቡና እየተፈላ፣ ስለማጠናው ብሎክቼይን ላስረዳት ስሞክር፣ «ሁሉም የሚያየው መዝገብ ከሆነ የሰው ገመና የት ይገባል?» አለችኝ። ጥያቄዋ የትምህርቱ ዋና ጥያቄ ነው።

አንዱ መልስ ዜሮ ኖውሌጅ ፕሩፍ ይባላል። ሻፊ ጎልድዋሰር፣ ሲልቪዮ ሚካሊና ቻርልስ ራኮፍ በ1985 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሐሳብ ነው፦ አንድ ነገር እውነት መሆኑን፣ ከዚያ በላይ ምንም ሳይገልጡ ማሳመን።

አክስቴ የይርጋጨፌንና የሐረርን ቡና ቀምሼ እለያለሁ ትላለች። እኔ አልለይም። ሁለቱን ስኒ አስቀምሳታለሁ፤ ከዚያ ፊቷን ስታዞር ወይ አቀያይራቸዋለሁ ወይ እንዳሉ እተዋቸዋለሁ። ዳግም ቀምሳ «ተቀያይሯል» ወይም «አልተቀያየረም» ብቻ ትለኛለች። በግምት ከሆነ አንዴ ልታገኘው ትችላለች፤ አሥር ጊዜ በተከታታይ የማግኘት ዕድሏ ግን ከ1,024 አንድ ነው። አምኛታለሁ፤ የሐረሩ ስኒ የትኛው እንደሆነ ግን አሁንም አላውቅም።

ብሎክቼይን ላይ ከእያንዳንዱ ሰው ጋር እንዲህ መመላለስ ስለማይቻል፣ ማረጋገጫው አንዴ ተሰልቶ ማንም የሚፈትሸው ይሆናል። ዚካሽ ከ2016 ጀምሮ ላኪንና የገንዘብ መጠንን የሚሰውረው በዚህ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ትምህርት ሚኒስቴር በ2021 እ.ኤ.አ. ከአይኦኤችኬ ጋር የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን የትምህርት ማስረጃ በካርዳኖ ለማረጋገጥ ያወጣው ዕቅድ ይፋ ሆኖ ነበር። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ብሎክቼይን ላይ የተጻፈ አይፋቅም፤ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና በላይ ያመጡት ደግሞ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውጤቱ ዕድሜ ልክ አደባባይ እንዲቆምለት ማን ይፈልጋል?

«ሐሹን ብቻ እናስቀምጥ» የሚሉ አሉ። እኔም በክፍል ሥራዬ እንዲያው ጽፌ ተሳስቻለሁ። ፈተናው ከ700 ቢታረም፣ በሙሉ ቁጥር ሊመጣ የሚችለው ውጤት 701 ዓይነት ብቻ ነው፤ ተራ ላፕቶፕ ሁሉንም ሞክሮ በቅጽበት ይደርስበታል። ስለዚህ ከውጤቱ ጋር ረጅም የዘፈቀደ ቁጥር ይቀላቀላል፤ ቁጥሩም ተማሪው ዘንድ ይቀራል። ተማሪው ለቀጣሪ የሚያረጋግጠው «ከዚህ ሐሽ ጀርባ ሚኒስቴሩ የፈረመበት ውጤት አለ፤ ከግማሽም በላይ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። 351 ይሁን 640 አይታወቅም።

ቶናው ሲቀዳ አክስቴ፣ «መዝጋቢው ራሱ ቢሳሳትስ?» አለች። ያን ጊዜ ማረጋገጫው ስህተቱን አሳምሮ ያረጋግጣል፤ ሒሳቡ የተፈረመውን እንጂ ተማሪው የሠራውን አያውቅም። ሚኒስቴሩ የድሮውን ፊርማ ሽሮ አዲስ መስጠት አለበት። መሻሩ መዝገቡ ላይ ለሁሉም ይታያል፤ የተሻረው ቁጥር ግን አይታይም።