ከሙሽተሪ ጋራ በአንድ መንገድ ስለሚዞሩ ታናናሽ አካላትና ስለ ንጉሥ ሜምኖን ስም

ጁፒተር የተባለው ታላቅ ፈለክ በአቡሻክር ሊቃውንት ዘንድ ሙሽተሪ ይባላል። ፀሐይን አንድ ጊዜ ዞሮ ለመጨረስ 12 ዓመት ሊሞላ ጥቂት የሚጐድል ጊዜ ይፈጅበታል። በጎጃም ደጋ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፥ ወራቱ የርሱ ከሆነ፥ ያለ መነጽር በዓይን ይታያል፤ ብርሃኑም የረጋ ስለ ሆነ እንደ ሌሎቹ ከዋክብት እምብዛም አይንቀጠቀጥም። ይህን ፈለክ ለይተው የሚያሳዩ ሽማግሌዎች አይታጡም። በመንገዱ ላይ ብቻውን አለመሆኑ ግን ብዙ ሰው ያልሰማው ነገር ነው። ከፊቱና ከኋላው በዚያው መንገድ ፀሐይን የሚዞሩ፥ ቍጥራቸው ከ10,000 የሚበልጥ፥ አስትሮይድ የሚባሉ የድንጋይ አካላት ታውቀዋል። ከኋለኞቹ አንዱ ሜምኖን ይባላል፤ ይህም በጥንት ግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ስም ነው።

መምህሩ ይህን በቃል ብቻ ቢናገር ልጆቹ አይጨብጡትም። ስለዚህ ወደ አውድማ ወይም ወደ ሜዳ አውጥቶ በገመድ ያሳያቸው። በመካከል ችካል ይተከል፤ ይህ ፀሐይ ነው። በችካሉ 5 ሜትር ገመድ ታስሮ በጫፉ ክብ ይሠመር፤ ይህ የሙሽተሪ ምሕዋር፥ ማለት የሚዞርበት መንገድ ነው። በክቡ ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ ይቀመጥ፤ ሙሽተሪ እርሱ ነው። ከዚያ በኋላ ያው ገመድ ከችካሉ ይፈታና አንዱ ጫፉ በትልቁ ድንጋይ ላይ ተይዞ ይወጠር፤ ሌላው ጫፍ ክቡን በሚነካበት ስፍራ፥ በፊትም በኋላም፥ ጠጠሮች ይደረጉ። (ገመዱ በቋጠሮ እንዳያጥር ልኩ አስቀድሞ ይታይ።) ገመዱ በክቡ ዙሪያ እንዲህ እየተወጠረ ቢሄድ በትክክል በስድስት ጊዜ ይገጥማል፤ ስለዚህ ጠጠሮቹ ከሙሽተሪ የክቡን ስድስተኛ እጅ፥ ማለት 60 ዲግሪ ይርቃሉ። ከፀሐይም ከሙሽተሪም ያላቸው ርቀት እኩል ነው። በሰማይ ያለው ገመድ ርዝመቱ 778 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ሙሽተሪ እጅግ ታላቅ ሆኖ ሳለ ጠጠሮቹን ስቦ ስለ ምን አይውጣቸውም? ልጅ ሁሉ ይህን ይጠይቃል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። መልሱ ከአውድማው አይርቅም። በውቂያ ጊዜ በዳር የሚዞር በሬ በመካከል ከሚዞረው ይልቅ ረጅም መንገድ አለበት፤ እኩል ቢራመዱም የዳሩ ዙሩን ዘግይቶ ይፈጽማል። ሜምኖን ወደ ሙሽተሪ የቀረበ እንደ ሆነ የሙሽተሪ ስበት ወደ ፊት ይጐትተዋል። ይህ መጐተት ግን መንገዱን ወደ ውጭ ያሰፋዋል፤ መንገዱ ሲሰፋም ዙሩ ስለሚዘገይ፥ ሊደርስበት ሲል እንደ ገና ወደ ኋላ ይቀራል። እጅግ ወደ ኋላ በቀረ ጊዜ ደግሞ መንገዱ ወደ ፀሐይ ይጠባል፤ ዙሩም ያጥርና ይቀርባል። እንዲህ ወዲያና ወዲህ የሚለው አንዱ ምልልስ 150 ዓመት ያህል ይፈጃል። የሳበው ኃይል ራሱ መልሶ የሚያርቀው መሆኑ ለአእምሮ እንግዳ ነውና መምህሩ ይህን ስፍራ በችኰላ ባያልፈው ይሻላል።

ይህን ነገር በስሌት አስቀድሞ ያገኘው በጣሊያን አገር በቶሪኖ የተወለደው የሒሳብ ሊቅ ላግራንዥ ነው፤ ዘመኑም በአውሮፓ አቈጣጠር 1772 ነበር። በዚያን ጊዜ በእንደዚህ ያለ ስፍራ የሚዞር አካል መኖሩን ማንም አላወቀም። ከ134 ዓመት በኋላ፥ በ1906፥ ማክስ ቮልፍ በጀርመን በሃይድልበርግ ሆኖ ከሙሽተሪ ፊት የሚሄደውን አኪሌስን አገኘ። ሌሎቹም በተገኙ ጊዜ ስማቸው ከትሮያ ጦርነት ተረት እንዲወሰድ ሆነ፤ ከፊት ላሉት የግሪክ ጀግኖች፥ ከኋላ ላሉት የትሮያና የረዳቶቿ ጀግኖች ስም ይሰጥ ጀመር። ሥርዓቱ ሳይጸና የተሰየሙ ሁለት ብቻ ከጠላት ሰፈር ቀርተዋል፤ የትሮያው ሄክቶር ከግሪኮች ጋራ፥ የግሪኩ ፓትሮክሎስ ከትሮያውያን ጋራ ይዞራሉ።

ሜምኖን የተገኘው በ1973 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1981) በጥር ወር በአሜሪካ፥ በአሪዞና ነው። ወርዱ 50 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ይኸውም ከደብረ ማርቆስ እስከ ደጀን በቀጥታ ቢለካ እንደሚሆነው ያህል ነው። ከርቀቱ የተነሣ ግን ያለ ትልቅ መነጽር ከቶ አይታይም። ተረቱ እንደሚለው ሜምኖን ሄክቶር ከሞተ በኋላ አጎቱን የትሮያን ንጉሥ ፕሪያምን ሊረዳ ሠራዊቱን ይዞ ዘመተ፤ የኔስቶርን ልጅ አንቲሎኮስን ገደለ፤ በመጨረሻም በአኪሌስ እጅ ወደቀ። ይህን በሰፊው ይናገር የነበረው ኢትዮጲስ የተባለው የግሪክ ቅኔ ጠፍቶ፥ ዛሬ የቀረው አጭር መግለጫውና ጥቂት ቃል ብቻ ነው። በሰማይ ግን በአኪሌስና በሜምኖን መካከል የክቡ ሢሶ ያህል ርቀት አለ።

እዚህ ላይ መምህሩ ይጠንቀቅ። ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር በጠቅላላው፥ ይልቁንም ኩሽን ማለታቸው ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም ወደ ምሥራቅ አርቀው ያደርጉታል። ስለዚህ ሜምኖን ጎጃምን ወይም ሸዋን ገዛ ብሎ ማስተማር ተረትን ከታሪክ መቀላቀል ነው። በዚህ የኰራ ልጅ፥ ካደገ በኋላ እውነቱን ሲያውቅ፥ በመጽሐፍና በሐውልት የጸናውንም የአገሩን ታሪክ መጠራጠር ይጀምራል። ስሙ በሰማይ መጠራቱ እውነት ነው፤ ያን ያህሉን መንገር ይበቃል።

ምድራችንም በመንገዷ ተከታይ አላጣችም፤ 2010 ቲ.ኬ.7 እና 2020 ኤክስ.ኤል.5 የተባሉ ሁለት አካላት ከፊቷ እንዲሁ ሲዞሩ ታውቀዋል።

ከተረት ሳይሆን ከኢትዮጵያ ምድር የወጣ ስም የተሰጣቸውም አሉ። ጥቅምት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ከአሜሪካ ወደ ሙሽተሪ ጭፍሮች የተላከችው መንኰራኵር ስሟ ሉሲ ነው፤ ይህም በ1974 በአውሮፓ አቈጣጠር በአፋር፥ በሐዳር፥ የተገኘችው የድንቅነሽ የውጭ ስም ነው። መንኰራኵሯ ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በማርስና በሙሽተሪ መካከል ከሚዞሩት አንዱን ትንሽ አስትሮይድ በአጠገቡ አልፋ መረመረች፤ የዚያም ስሙ ድንቅነሽ ተብሏል። ሲቀርቡት በዙሪያው የምትዞር ታናሽ ጨረቃ ተገኘች፤ እርስዋም ሁለት ድንጋይ ተነካክተው አንድ የሆኑባት ናት። በዲኪካ ዐፅሟ በተገኘው ሕፃን ስም ሰላም ተባለች። ድንቅነሽም ሰላምም ከሙሽተሪ ጭፍሮች አይደሉም። መንኰራኵሯ ከእነዚያ የመጀመሪያውን፥ ከፊት ያለውን ዩሪባቴስን፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በነሐሴ 2027 እንድታይ፥ ከኋላ ያለውን ፓትሮክሎስንም በ2033 እንድትደርስበት ቀጠሮ ተይዟል። ሜምኖን በዚህ ጉዞ ከሚጐበኙት መካከል የለም።