የፈረሱ ስም

1. ልጄ፣ ሽንኩርት ስትጭኑ ጓደኞችህ «ጊደር» ብለው እንደሰደቡህ ሰማሁ። ድምፅህ ስለቀጠነ፣ ጠብም ስለማትወድ ነው አሉ። በልጅነቴ በሮቢ ወንዝ ዳር ከብት ስጠብቅ መንጋውን የምትመራው ዳልቺት የምንላት ላም ነበረች። ጅብ የሸተታት እንደሆነ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ትቆማለች፤ ያ ሁሉ በሬ ከኋላዋ ይቆማል። እሷ ካልተራመደች ጅራፍም አያስኬዳቸውም። በጊደር የሚሳደብ ሰው ከብት አልጠበቀም።

2. ወንድነትን ከእንስሳ መዋስ የቆየ ልማዳችን ነው። ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራል፦ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። የራስ መኮንን ፈረስ ስም በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ለዘመተው ጦር ተሰጥቶ ቃኘው ሻለቃ ተባለ። ስሙን የሚያስገኘው ሥራ ነው።

3. የደጃዝማች ባልቻ ሳፎን ነገር ግን ልብ ብለህ ስማኝ። ገና ልጅ ሳሉ በጦርነት ተሰልበው ወድቀው ተገኙ፤ ምኒልክም ወስደው አሳደጓቸው። ያ ዘመን ወንድነትን በስለባ የሚቆጥር ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በመድፍ ተዋጉ። አገር ሁሉ አባ ነፍሶ አላቸው፤ በፈረሳቸው ስም፣ እንደማንኛውም ጀግና። በ1929 ዓ.ም. ሽምግልና ተጭኗቸው ሳለ ለጣሊያን አልገብርም ብለው ተዋግተው ሞቱ። ወንድነት ከብልት ቢሆን ኖሮ ያንን ስም ማን ይሰጣቸው ነበር? እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

4. ማታ ማታ የምንሰማው ጅብም አለ። በዚያ መንጋ የበላይዋ እንስቷ ናት፤ በአካል ከወንዱ ትገዝፋለች፤ ብልቷም የወንድ ስለሚመስል ከሩቅ ያያት ይሳሳታል። ፈጣሪ እንዲህ አድርጎ አበጃት። እህትህን ባጃጅ ስለነዳች «ወንዳወንድ» ሲሏት ሰምተህ ዝም እንዳትል።

5. እሁድ ወደ ቤት ብቅ በል። ፈረስ የለኝም፤ አህያዬ ግን ሴት ውርንጭላ ወልዳለች፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ነጥብ አላት። ስም አላወጣሁላትም። አንተ አውጣላት፤ እኔም ከዚያ ወዲያ በእሷ ስም «አባ» እያልኩ እጠራሃለሁ።