የኮንትራት ተመራማሪው ስም የት ይገባል?

ብዙዎቻችን ከኮሌጅ ወጥተን መጀመሪያ የምናገኘው ሥራ የሦስት ወይም የአራት ወር የምርምር ኮንትራት ነው። በሰበሰብነው መረጃ ጥናት ሲታተም ስማችን የት ይገባል? በዚህ አጭር ጽሑፍ የማየው ይህንኑ ነው።

ለምሳሌ ያህል የራያ ቆላን ማሽላ እንውሰድ። በቆቦ ሜዳ አቀንጭራ ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ውሃውንና ምግቡን ይመጥጥበታል። አቀንጭራን እንዲቋቋሙ በ1992 ዓ.ም. ገደማ ከተለቀቁት ዝርያዎች አንዱ «ጎብዬ» ይባላል። ከወልዲያ ወደ ቆቦ ስንሄድ የምናልፋት ከተማም ስሟ ጎብዬ ነው። በማሽላና በአቀንጭራ ምርምራቸው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸልመዋል፤ ይገባቸዋልም። እንዲህ ያለ ምርምር ግን በየመደቡ ጎንበስ ብሎ አቀንጭራ የሚቆጥር ሰው ይፈልጋል። እኔም አንድ ክረምት ቆጥሬያለሁ።

መቁጠር ብቻ ከሆነ የምስጋና ገጽ ይበቃል፤ በዚህ አልከራከርም። አብሮኝ የነበረው ልጅ ሥራ ግን ከዚያ ያልፋል። ጎርፍ ገብቶ ከፊሉን መደብ ደለል ሲያለብሰው የትኛው መደብ ከስሌት ይውጣ፣ የትኛው ይቆይ የሚለውን ለይቶ ምክንያቱን የጻፈ እሱ ነው። ይሄ እኮ ትንተና ነው! ጥናቱ ሲወጣ ግን ስሙ የለም።

ዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ኮሚቴ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጸሐፊ ለመባል አራት ነገር ይጠይቃል፦ በጥናቱ ንድፍ ወይም በመረጃው ላይ ጉልህ ድርሻ፣ ረቂቁን መጻፍ ወይም በጥልቀት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። የኮንትራት ሠራተኛው የሚወድቀው ሁለተኛው ላይ ነው። ማሽላው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳል፤ ኮንትራቱም ያኔ ያልቃል፤ ረቂቁ የሚጻፈው ከዓመት በኋላ ነው። «ረቂቁን አላየማ» ይባላል። ማን አሳየውና!

ኮሚቴው ራሱ ይህን አይፈቅድም። የመጀመሪያውን መመዘኛ ያሟላ ሰው በረቂቁ፣ በእርማቱና በማጽደቁ እንዲሳተፍ ዕድል ሊሰጠው ይገባል ይላል። ስለዚህ ክርክሩ ጥናቱ ከታተመ በኋላ ሳይሆን ኮንትራቱ ሲፈረም መነሳት አለበት። «ረቂቁ ሲዘጋጅ ይላክልኛል» የሚል አንድ መስመር ይግባበት፤ የመስክ ደብተራችሁን ቅጂም ያዙ። ዋና ተመራማሪው ደግሞ ስልክ ቁጥራችንን ይመዝግብ። ልጁ እንደ ብዙ የአገራችን ልጆች ሳዑዲ ቢገባ እንኳ ስልክ ያነሳል።