የሠርግ ዳስ ምን ያስተምራል?

ሰው በጆሮው ብቻ አይማርም። ዓይኑ ያየው፥ አፍንጫው ያሸተተው፥ እግሩ የረገጠው ሁሉ ወደ ልቡ ገብቶ ትምህርት ይሆነዋል። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ጠንቅቃ ስለምታውቅ ሕንፃዋን ቅኔ ማኅሌት፥ ቅድስትና መቅደስ ብላ በ3 ክፍል ታሰናዳዋለች። ምእመኑ ጫማውን አውልቆ ከደጅ ወደ ውስጥ ሲገባ ሥዕሉ፥ መጋረጃው፥ ዕጣኑና ዜማው በአንድነት አንድ ነገር ይነግሩታል፤ ይኸውም ወደ ቅዱስ አምላክ ፊት መቅረቡን ነው። እንግዲህ ቦታን በአንድ ሐሳብ ማሰናዳት ለእኛ እንግዳ ሥራ አይደለም።

ዛሬ በቦንጋ ከተማና በካፋ ዞን፥ እንደ ሌላውም የአገራችን ክፍል፥ የሠርግንና የታላላቅ ግብዣዎችን ቦታ ማስጌጥ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ሙያተኞቹ ዲኮር ይሉታል። ለዕለቱ አንድ ሐሳብ ይመረጣል፤ ከመግቢያው በር አንሥቶ እስከ ሙሽሮቹ ወንበር ድረስ ጨርቁ፥ አበባው፥ መብራቱና ምንጣፉ ለዚያ ሐሳብ ይታዘዛሉ። ለመልሱ ቀን ደግሞ ጎጆ መሰል ነገር ይቆማል፤ መሶብና አገልግል ይደረደራል፤ ሙሽሮቹም ካባ ደርበው ይቀመጣሉ። ሙያው በራሱ ነውር የለበትም፤ ባስልኤልንና ኤልያብን የድንኳኑን ሥራ ጥበብ ያስተማራቸው እግዚአብሔር ነውና (ዘጸ. 31)። ጥያቄው፥ ያጌጠው ዳስ ለገባበት ሰው ምን ያስተምረዋል? የሚል ነው።

ቅዱስ መጽሐፍ 2 ዓይነት ዳስ ያሳየናል። አንደኛው የአርጤክስስ ነው። ንጉሡ የመንግሥቱን ሀብት 180 ቀን ሙሉ ካሳየ በኋላ በአትክልቱ አደባባይ የ7 ቀን ግብዣ አደረገ። ነጭ፥ አረንጓዴና ሰማያዊ መጋረጃ፥ የዕብነ በረድ ምሰሶ፥ የወርቅና የብር አልጋ ነበረበት (አስቴር 1)። የዚያ ሁሉ ጌጥ ትምህርት አንድ ነበረ፤ «የንጉሡን ታላቅነት እዩ» የሚል። ነገር ግን በ7ኛው ቀን ንጉሡ ሚስቱን አስጢንን እንደ አንድ ጌጥ ለእንግዶቹ ሊያሳያት ፈለገ፤ እርስዋም እንቢ አለች፤ ግብዣው በትዳር መፍረስ ተፈጸመ። ሁለተኛው ዳስ በበዓለ መጸለት የሚሠራው ነው። የሚሠራው ከዘንባባና ከለመለመ ቅርንጫፍ ነው (ዘሌ. 23)፤ አገልጋዩ፥ መጻተኛው፥ ድኻ አደጉና መበለቲቱም ከባለቤቱ ጋር ደስ እንዲላቸው ታዝዟል (ዘዳ. 16)። ያኛው ዳስ ሰውን ሲያገን ይህኛው የእግዚአብሔርን ቸርነት ያሳስባል።

ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥር ወር፥ ከቦንጋ ብዙ በማይርቅ ስፍራ፥ የሠርግ ማዕድ እንድንባርክ ተጠርተን ሄድን። ወደ ዳሱ ስንገባ ከሙሽሮቹ ወንበር በስተኋላ የመቅደስ በር አምሳል ቆሞ አየን። መስቀል የተጠለፈበት መጋረጃ ተጋርዶበታል፤ በቀኝና በግራ ድባብ ተዘርግቷል፤ ከፊቱ ግን የመጠጥ ጠርሙስ ተደርድሮ ይዘፈናል። እኛም በቍጣ፥ በእንግዶቹ ሁሉ ፊት፥ የሙሽራዪቱን አባት ገሠጽናቸው። እርሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። ዳሱን ያስጌጠችው ወጣት ግን ቀርባ፥ «አባታችን፥ ይህን የሠራሁት ቤተ ክርስቲያንን ስለምወድ ነው፤ እንዳልሠራው የነገረኝ ሰው የለም» አለችን።

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም። የሙሽራዪቱ ቤተ ሰብ ከሠርጉ በፊት 3 ጊዜ ወደ እኛ መጥተው ነበር፤ ስለ ንስሐ፥ ስለ ተክሊሉና ስለ ቀኑ ተነጋግረናል። ስለ ዳሱ ግን አንዲት ቃል አልጠየቅንም። ለጌጡ ዋጋ ለከርሞ ቡና ተስፋ አድርገው መበደራቸውንም የሰማነው ከሠርጉ በኋላ ነው። አስቀድሞ ያላስተማረ መምህር በኋላ ቢቈጣ ቍጣው የራሱን ስንፍና ይገልጣል። ስለዚህ ወደ አባትየው ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅን፤ ከዚያ ወዲህም ለሠርግ የሚመጡትን ሁሉ 3 ነገር እንነግራቸዋለን።

መጀመሪያ፥ ለመቅደስ የተለየው ለመቅደስ ይቈይ። ብልጣሶር የቤተ መቅደሱን ዕቃ ለመጠጥ ግብዣው አምጥቶ በግድግዳው ላይ ፍርዱ ተጻፈበት (ዳን. 5)። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 24 ስለ ጋብቻ ሥርዓት ይናገራል። በተክሊል ሥርዓት ሙሽሮቹ ዘውድ የሚደፉት በካህን ጸሎት ነው፤ ፍጻሜውም ሥጋ ወደሙን መቀበል ነው። የዚህን አምሳል ለፎቶግራፍ ብለን በዳስ ውስጥ ብናቆም ልጆቻችን እውነተኛውን ምሥጢር እንደ ጨዋታ ያዩታል።

ሁለተኛ፥ ዳሱ ከባለቤቱ ዐቅም አይብለጥ። ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ወጪውን እንዲቈጥር አስተምሯል (ሉቃ. 14)። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም የቈላስይስን መልእክት ሲተረጕም የሠርግን ከንቱ ትዕይንት አጥብቆ ገሥጿል። ዳሱ በማግሥቱ ይፈርሳል፤ ዕዳው ግን ከአዲሱ ትዳር ጋር አብሮ ይኖራል።

ሦስተኛ፥ ለድሆች የሚሆነው ስፍራ ምሰሶው ሲተከል ጀምሮ ይታሰብ። ፍርፋሪ ሊቀበሉ በደጅ የሚቆሙ አይሁኑ፤ ጥላና መቀመጫ ያለው ቦታ ይለይላቸው። ከጌጥ ሁሉ የሚበልጥ ጌጥ ይህ ነው።

ይህን የጠበቀ ሰው ዳሱን በደስታ ያስጊጥ። ለካፋ ሰው ጌጡ ከደጁ አይርቅም። ቀርከሃ ለምሰሶ፥ የኮባ ቅጠል ለጥላ፥ ዘንባባ ለመግቢያ፥ ቄጠማ ለወለል ይሆናል፤ ቡና ሲቈላና ኮረሪማ ሲወቀጥ መዓዛው ዳሱን ይሞላዋል። ደኑ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበ ሀብት ስለ ሆነ ግን ለአንድ ቀን ጌጥ ለጋ ዛፍ አይቈረጥ፤ ከጓሮና ከተተከለው ይወሰድ። የደረቀ ቅጠልም ከጧፍና ከመብራት ገመድ ይራቅ፤ መውጫውም ሰፊ ይሁን።

በቃና ዘገሊላ ሠርግ ወንጌላዊው ስለ ዳሱ ጌጥ ምንም አልጻፈልንም፤ የጻፈልን ስለ 6 የድንጋይ ጋኖች ነው (ዮሐ. 2)። ወይኑ ከየት እንደ መጣ የድግሱ አለቃ አላወቀም፤ ያወቁት ውኃውን የቀዱት አገልጋዮች ናቸው። እንግዲህ ካህናት ወንድሞቻችን፥ ጌጡን ከሚሠሩት ወጣቶች ጋር ሳይረፍድ እንነጋገር፤ በእጃቸው ጥበብ ደግሞ ብዙ ሕዝብ ይማራልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።