ፍቺ፣ የትዳር ቤትና የወንጀል ክስ

በየቁምስናው ለምክር ከሚመጡ ባለትዳሮች፣ ይልቁንም ከእናቶች፣ ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ አለ። «ዱላው ሲበዛብኝ ልጆቼን ይዤ ወደ ወላጆቼ ብሄድ ቤቱን ለቅቄለት እንደ ወጣሁ ይቆጠርብኛልን? ካርታው በእርሱ ስም ነውና ምን መብት አለኝ?» የሚል ነው። በዚህ አንድ ጥያቄ ውስጥ ሦስት ጉዳዮች ተደባልቀዋል፤ የጋብቻው መፍረስ፣ የንብረቱ ክፍፍልና የድብደባው ወንጀል። ሕጉ እያንዳንዱን በየራሱ መንገድ ይመለከተዋል። ሰዎች ግን አንዱን በሌላው እየለወጡ ሲጎዱ ስለምናይ ጉዳዩን በዚህ እትም ልናብራራው ወደድን።

ከቤቱ እንጀምር። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሌሎችም ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ስላወጡ በዚያ የሚኖር አንባቢ የክልሉን ሕግ ይመልከት። በአዋጁ አንቀጽ 63 መሠረት በትዳር ውስጥ ያለ ሀብት ሁሉ፣ በአንደኛው ተጋቢ ስም ብቻ ቢመዘገብም እንኳ፣ የግሉ መሆኑን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ሀብት እንደሆነ ይገመታል። እንግዲህ የማስረዳቱ ሸክም የሚወድቀው «የእኔ ብቻ ነው» በሚለው ላይ እንጂ ስሟ በካርታው ላይ በሌለው ላይ አይደለም።

የግል ሀብት የሚባለው ከጋብቻው በፊት የነበረ፣ ወይም ከጋብቻው በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። አንድ ባል ከአባቱ ቤት ቢወርስ ቤቱ የግሉ ነው፤ ከዚያ ቤት የሚሰበሰበው ኪራይ ግን የጋራ ነው። ያንኑ ቤት ሸጦ በገንዘቡ ሌላ ቢገዛ ደግሞ ፍርድ ቤትን ጠይቆ አዲሱ ቤት የግሉ እንዲሆን ካላስወሰነ በቀር የግል አይሆንም። በትዳር ዘመን በግል ጥረት የተገኘ ደመወዝና ትርፍም የጋራ ነው። ስለዚህ ከደመወዝ ተጠራቅሞ የተሠራን ቤት በተመለከተ «አንቺ ምን አስገባሽ?» የሚለው ጥያቄ በሕግ ፊት ዋጋ የለውም። የቀበሌ ቤት ግን ኪራይ እንጂ ባለቤትነት ስላልሆነ በዚህ መንገድ አይካፈልም።

ያለ ሌላው ፈቃድ የጋራ ቤትን መሸጥ፣ ማከራየት ወይም ማስያዝ እንደማይቻል አንቀጽ 68 ይደነግጋል። ይኸው አንቀጽ ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የሚንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥም የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል፤ ሕጉ በወጣበት ዘመን 500 ብር ብዙ ነበርና። ያልተስማማው ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል። ይህን የሚያደርገው ግን መሸጡን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይም ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው።

ከቤት መውጣቱስ? ፍርሃቱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለፍቺው ጥፋተኛ የተባለው ተጋቢ ከንብረት ድርሻው ሊቀነስበት ይችል ነበር፤ ፍቺውንም የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ዳኞች ነበሩ። ከ1992 ወዲህ ይህ ተለውጧል። የጋራው ንብረት እኩል ይካፈላል፤ ለፍቺው ምክንያት የሆነው ወገን፣ ፍትሕ ሲያስገድድ፣ ለብቻው ካሣ ይከፍላል። እንግዲህ ከዱላ ሸሽታ የወጣች ሚስት ድርሻዋን አታጣም። ከቤት መውጣት ብቻውን ፍቺም አይደለም፤ ዳሩ ግን ለዓመታት ዝም ብሎ መቀመጥ ማስረጃን ስለሚያጠፋና ክርክርን ስለሚያወሳስብ አንመክረውም። የፍቺ ጥያቄ ከቀረበ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆች ጥበቃና ስለ ቀለብ ወዲያውኑ ትእዛዝ ይሰጣል። ከሁለቱ አንዱ ከቤት ይውጣ ሲልም የልጆቹን ጥቅምና በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳውን ተጋቢ ሁኔታ ማመዛዘን አለበት። በሌላ አነጋገር፣ መውጣት የሚገባው ባል ሊሆን ይችላል።

የፍርድ ቤት ፍቺ ምስጢረ ተክሊልን እንደማይፈታ ምእመናን ያውቃሉ። በዚህ ምክንያት «ቤተ ክርስቲያን ታገሺ ትላለች» ብለው በዱላ ሥር የሚቆዩ አሉ። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና፣ ቁጥር 864፣ አንዱ ተጋቢ የጋራውን ኑሮ ለሌላው ወይም ለልጆች አደገኛ ካደረገው ሌላው ለመለየት በቂ ምክንያት እንዳለው ይናገራል፤ መዘግየቱ አደጋ ካለው በራሱ ሥልጣን ሊለይ ይችላል። የላቲኑም ሕግ በቁጥር 1153 ይህንኑ ይላል። መለየት የጋብቻውን ማሰሪያ አይፈታም፤ ኃጢአትም አይደለም።

አሁን ወደ ሽማግሌዎች እንምጣ። ፍርድ ቤቱ ተጋቢዎቹ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታረቁ ይጠይቃል፤ ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል። ማስታረቅ የተከበረ ሥራ ነው። ሆኖም ፍቺን ማወጅም ሆነ ወንጀልን መሠረዝ የሽማግሌ ሥልጣን አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት በአካል ጉዳት ድንጋጌዎች እንደሚያስቀጣ በግልጽ ደንግጓል፤ ከባድ ጉዳት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሳል።

አንድ ምሳሌ እናድርግ። ባል ሚስቱን ደብድቦ ክስ ሲመጣበት ሽማግሌዎች ተቀምጠው «ክሱን ትተወው፤ እርሱም የቤቱን ግማሽ ይስጣት» ብለው ይፈርማሉ። ሁሉም የተስማማ ይመስላል። ነገር ግን የቤቱ ግማሽ ቀድሞም የእርሷ ነበርና ለደረሰባት ጉዳት የተከፈላት የገዛ ንብረቷ ነው። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ደግሞ ዐቃቤ ሕግ ለመክሰስ የእርሷን አቤቱታ አይጠብቅም፤ ስለዚህ ለባልም ቢሆን ወረቀቱ የሚታመን ዋስትና አይደለም። በአቤቱታ ብቻ ለሚያስቀጡት ቀለል ያሉ ጉዳቶች ሕጉ የሰጠው ጊዜ የሦስት ወር ነው፤ የሚቆጠረውም የተበደለችው ድርጊቱንና አድራጊውን ካወቀችበት ቀን ጀምሮ ነው። ሽምግልናው ከዛሬ ነገ እየተባለ በሚጓተትበት ጊዜም ይህ ቀን ይቆጠራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ሐኪም ሄዶ የሕክምና ማስረጃ መያዝ፣ ለፖሊስም ማመልከት ይገባል፤ ሽማግሌዎቹ ከዚያ በኋላም ሊቀመጡ ይችላሉ።